ታንኩ ከጣሪያ በታች፣ ካሚዮኑ ዝናብ ላይ፦ ለወታደራዊ ሙዚየም ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ የወታደራዊ ሙዚየም ዳይሬክተሮች፣ የቅርስ ክፍል ኃላፊዎችና በጀት ወሳኞች፤

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ወታደራዊ የጭነት መኪና ስንነዳና ስንጠግን ዕድሜያችንን የገፋን ሰዎች ነን። ከመካከላችን የአሜሪካውን ኤም 35 የነዳ አለ፣ የሩሲያውን ኡራል የነዳ አለ፣ የጀርመኑ ኡኒሞግ ሥር ተኝቶ ዘይት ሲንጠባጠብበት የኖረ መካኒክም አለ። ያገለገልነው በተለያየ ሠራዊት ውስጥ ነው። ያሰባሰበን መኪናው ነው።

እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ውሳኔ ነው። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ሙዚየም አዳራሹን ሲያድስ ቦታ ጠበበኝ ብሎ የጭነት መኪኖቹን በሙሉ ወደ ጓሮ አወጣቸው። ታንኮቹና መድፎቹ ከጣሪያ በታች ቀሩ። ካሚዮኖቹ "ለጊዜው ነው" ተብለው ሜዳ ላይ ቆሙ፣ ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቀባቸው፣ ሸራቸው ተበጣጠሰ፣ ጎማቸው ተንፍሶ በቸርኬያቸው ተቀመጡ። በመጨረሻም ሦስቱ "ተመሳሳይ ናቸው" ተብሎ ለቁራጭ ብረት በኪሎ እንዲሸጡ ተወሰነ። ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ አጭር ነው፦ ጎብኚ የሚፈልገው ታንክ ነው፣ የጭነት መኪና የትም አለ።

ይህ አስተሳሰብ የአንድ ሙዚየም ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን ለእሱ ብቻ እንልክ ነበር። ግን በየሄድንበት የምናየው ነገር ስለሆነ ለሁላችሁም እንጽፋለን። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናስቀምጠው።

መጀመሪያ "ተመሳሳይ ናቸው" የሚለውን እንያዝ። ሊሸጡ የተወሰነባቸው ሦስቱ መኪኖች የአሜሪካ ሠራዊት የነዳቸው ጂ.ኤም.ሲ ሲሲኬደብልዩ፣ ኤም 35 እና ኤም 939 ናቸው። ሦስቱም አፍንጫቸው ረዘም ያለ፣ በሦስት አክስል የቆሙ፣ ሞተራቸው ሦስቱንም አክስል የሚያዞር ነው። ከሩቅ ላያቸው ሰው ወንድማማች ይመስላሉ። ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አርባ ዓመት አለ፤ በእነዚያ አርባ ዓመታት የተለወጠው ነገር ደግሞ አብዛኛው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ተብሎ የታሰበ አይደለም፣ መንገድ ላይ ሰው ዋጋ ከፍሎበት የተገኘ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት መመለስ ያስፈልጋል። በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ቨርደን በተባለችው ከተማ ላይ ዋናው የባቡር መስመር ሲቋረጥ የፈረንሳይ ሠራዊት ጥይቱን፣ ምግቡንና ሰዉን በአብዛኛው ያመላለሰው ከባር ለ ዱክ በሚነሳ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን አንድ መንገድ ነበር። ሥራው በጠነከረባቸው ቀናት በየ14 ሰከንዱ አንድ መኪና ያልፍ ነበር። የመኪኖቹ ጎማ ድፍን ላስቲክ ስለነበር መንገዱን ይፈጨው ነበር፣ ስለዚህ ወታደሮች ቀን ከሌት ጠጠር ይደፉ ነበር። የተበላሸ መኪና ተገፍቶ ከመንገድ ይወጣል እንጂ ሰልፉ አይቆምም። አሜሪካኖች ወደዚያ ጦርነት ሲገቡ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ መኪኖቻቸው ከብዙ ፋብሪካ የተለቃቀሙ ስለነበሩ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። በ1917 ሊበርቲ የተባለው የጭነት መኪና የወጣው ይህን ለመፍታት ነው። ንድፉ አንድ፣ ፋብሪካው ብዙ፣ መለዋወጫው የጋራ። ወደ 9,500 ገደማ ተሠርተዋል። ጀርመኖች ደግሞ ከሁለተኛው ጦርነት በፊት ኮሎኔል ሸል በሚመሩት ዕቅድ 114 የነበረውን የጭነት መኪና ዓይነት ወደ 19 ለማውረድ ሞከሩ፤ ግን ጦርነቱ ቀደማቸው፣ ከየአገሩ የተማረከውንና የተወረሰውን መኪና ሁሉ እየነዱ ስለዘመቱ መለዋወጫው የመካኒኮቻቸው ራስ ምታት ሆኖ ቆየ።

ሲሲኬደብልዩ የዚህ ሁሉ ትምህርት ውጤት ነው። ከ1941 እስከ 1945 ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ተሠራ። ሞተሩ ወደ መቶ ፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ ለዚህም ነው ማንኛውም ሜዳ ላይ ያለ መካኒክ ሊጠግነው የቻለው። ኤሌክትሪኩ ግን ባለ 6 ቮልት ነበር፣ ውሃም አይወድም። በ1950 ገደማ አገልግሎት የጀመረው ኤም 35 በ24 ቮልት፣ ውሃ በማያስገባ ኤሌክትሪክ መጣ። መጀመሪያ በቤንዚን ይሠራ ነበር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ከናፍታ እስከ ጄት ነዳጅ፣ ሲቸግርም ቤንዚን ሳይቀር የሚያቃጥል ሞተር ተገጠመለት። ነዳጅ ማደያ በሌለበት ያገኘውን እየቀዳ እንዲሄድ ነው። ከ1982 ጀምሮ የገባው ኤም 939 ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፣ አዲስ የመጣ ልጅ ማርሽ ሲያፋጭ ሳይከርም እንዲነዳው። ይህም እንከን አላጣውም። በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬኑ ጎማውን እየቆለፈ ብዙ መገልበጥ ስለደረሰ ኋላ ላይ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓት ተጨመረለት።

ሦስቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ አንድ ተማሪ በየተራ ጋቢናቸው ውስጥ ብታስቀምጡት፣ እግሩ ሥር ያሉትን ፔዳሎችና ቀኝ እጁ የሚያርፍበትን ማንሻ ብቻ አይቶ አርባ ዓመቱን ይረዳዋል። አንዱን ሸጣችሁ ሁለቱን ካስቀራችሁ ግን መካከሉ ይቋረጣል። ታንክ ላይ ይህን አታደርጉም። በመድፍና በትጥቁ የሚለያዩ አራት ሸርማን ታንኮች ሲቆሙ ማንም "ተመሳሳይ ናቸው" ሲል አልሰማንም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ጽሑፉ ነው። መኪናው ፊት የተተከለው ሰሌዳ ማለታችን ነው። ኤም 35ን "የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መኪና" የሚል ሰሌዳ ከአንድ ቦታ በላይ አይተናል። ካትዩሻ ሮኬት ተጭኖባቸው ለመታሰቢያ የቆሙ ዚል 157 የተባሉ የሶቪየት ጭነት መኪኖችም አሉ፤ ዚል 157 መሠራት የጀመረው ግን ጦርነቱ ካበቃ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ካትዩሻውን በብዛት የተሸከመው ከአሜሪካ በብድርና በኪራይ ስምምነት የሄደው ስቱድቤከር ዩኤስ 6 ነበር። ወደ ሁለት መቶ ሺህ ገደማ ተሠርቶ አብዛኛው ሶቪየት ኅብረት ገብቷል፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት የሶቪየት ባለ ሦስት አክስል መኪኖችም ከእሱ ብዙ ተምረዋል። ሰሌዳው ሲሳሳት ይህ ሁሉ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

"የመጫን አቅም፦ 2.5 ቶን" የሚለውም እንዲሁ ነው። ይህ ከመንገድ ውጭ፣ ጭቃና ዳገት ላይ የሚፈቀደው ነው። ኤም 35 በደህና መንገድ ላይ የዚህን እጥፍ እንዲጭን ይፈቀድለታል። ጎብኚው ሰሌዳውን አንብቦ "ይህ ሁሉ መኪና ለሁለት ቶን ተኩል ብቻ?" ብሎ ያልፋል። አንድ መስመር ብትጨምሩ ይስተካከላል። ሹፌር ብትጠይቁ ኖሮ በነጻ ይነግራችሁ ነበር። ኡራል 4320ን የነዱ ጓደኞቻችን ለምሳሌ ኮፈኖውን አይተው ብቻ ስለ ዘመኑ ብዙ ይነግሯችኋል። መኪናው ከ1977 ጀምሮ በካማዝ ናፍታ ሞተር ይሠራ ነበር፤ በ1993 የካማዝ ሞተር ፋብሪካ ሲቃጠል ወደ ያሮስላቭል ሞተር ዞረ፣ ለዚያም ሲባል የአንዳንዶቹ አፍንጫ ረዘመ። የአንድ ፋብሪካ እሳት ኮፈኖ ላይ ይታያል።

ሦስተኛው በጣም የሚያንገበግበን ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንጽፈዋለን። ስታድሱ ታጠፋላችሁ።

"መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገን መለስነው" ሲባል ጥሩ ሥራ ይመስላል። ወታደራዊ የጭነት መኪና ግን ከፋብሪካ እንደወጣ አይኖርም። ሹፌሩ ይበየድበታል፣ ይቆርጠዋል፣ ይጨምርበታል፤ ታሪኩም ግማሹ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሙዚየም ውስጥ አባላችን የሆነ መካኒክ የበር ብረት ከአንድ መኪና ላይ በመቁረጫ ሲነሳ ደረሰ። "ኦሪጅናል አይደለም" ተብሎ ነው። ያንን ብረት የበየደው ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ነበር የበየደው።

ቬትናም ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 በአን ኬና በፕሌይኩ መካከል ባለው 19 ቁጥር መንገድ ላይ አንድ የአሜሪካ ኮንቮይ ደፈጣ ውስጥ ገባ፣ ሹፌሮች ሞቱ፣ ብዙ መኪና ወደመ። ከዚያ በኋላ ሹፌሮቹ ራሳቸው የሚታደጋቸውን መኪና ሠሩ። መጀመሪያ ኤም 35 ላይ የአሸዋ ጆንያና ጣውላ ደረደሩ፣ መትረየስ ጫኑ። ዝናብ ሲመጣ ጆንያው ውሃ ጠጥቶ መኪናውን ገደለው፣ ስለዚህ ወደ ብረት ሰሌዳ ዞሩ። ብረቱ ለባለ 2.5 ቶኑ ሲከብድ ወደ ባለ 5 ቶኑ ኤም 54 ተሻገሩ። እያንዳንዱን እርምጃ ተመልከቱት፣ ሙሉ የንድፍ ታሪክ ነው። የሠሩት ደግሞ መሐንዲሶች አይደሉም፣ ብረቱን ከየትም ለቃቅመው የበየዱ ሹፌሮችና መካኒኮች ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መኪኖች ተሠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ብረታቸው ተነቅሎ ወደ ጭነት ተመለሱ ወይም ተጣሉ። ከዚያ ዘመን ሳይነካ የተረፈው አንዱ ብቻ ነው፤ ቨርጂኒያ፣ ፎርት ዩስቲስ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር የትራንስፖርት ሙዚየም ይገኛል።

አንድ ብቻ መትረፉ ምን እንዳስከተለ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ የሚከተለው ግን የታወቀ ነው። ኢራቅ ላይ ያው ደፈጣ፣ ያው መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ሲመጣ ሹፌሮች እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። በታኅሣሥ 2004 ኩዌት ውስጥ አንድ ወታደር ተነስቶ የአሜሪካውን የመከላከያ ሚኒስትር ዶናልድ ራምስፌልድን፣ መኪኖቻችንን ለመከለል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ብረት የምንለቅመው ለምንድን ነው ብሎ በአደባባይ ጠየቃቸው። ከ1967 ወዲህ 37 ዓመት አልፎ ነበር። ብረቱ ሲጨመር ባሌስትራው ይተኛል፣ ፍሬኑ ይደክማል፣ ሞተሩ ይግላል፤ ይህን የቬትናም ሹፌሮች ያውቁት ነበር። ኋላ ላይ የመጡት መኪኖች ከመጀመሪያው የብረት ልብስ እንዲሸከሙ ታስበው ተሠሩ። ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ መኪና አጭርና በአውሮፕላን ለመጫን የሚመች ቢሆንም ሹፌሩን ከፊት ጎማው በላይ ያስቀምጠዋል፤ ጎማው ፈንጂ ሲረግጥ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ደቡብ አፍሪካውያን በ1970ዎቹ መጨረሻ በኡኒሞግ ሻንሲ ላይ ቡፈል የተባለውን ፈንጂ የሚቋቋም የወታደር መኪና ሲሠሩ ሆዱን እንደ ቪ ፊደል አድርገው የፈንጂውን ኃይል ወደ ጎን ያስወጡት ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሳይ አዳራሽ እስካሁን ያየነው ጥቂት ነው።

አራተኛ፣ መኪናው ሞቶ ነው የሚቆመው። ሞተሩ ለዓመታት ሳይዞር ተጣብቆ ይነክሳል፣ ውሃው ሳይለወጥ ራዲያተሩን ይበላዋል፣ ነዳጁ ታንከሩ ውስጥ ሙጫ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ከጋቢና ሆኖ የጎማ ነፋስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበትን የአየር ቱቦ "ጎብኚ ይጎትተዋል" ብለው ቆርጠው አስወግደውታል። ይህ ቱቦ በ1942 የወጣው ዱክ የተባለው የየብስና የውሃ መኪና የታወቀበት ነገር ነው። ከባሕር ወደ አሸዋ ሲወጣ ሹፌሩ ሳይወርድ ነፋሱን ይቀንሳል፣ ጎማው ተዘርግቶ አሸዋውን ይረግጣል፣ መንገድ ሲደርስ መልሶ ይሞላዋል። ሶቪየቶች ዚል 157 ላይ አደረጉት፣ ዛሬ በብዙ ወታደራዊ መኪና ላይ አለ። ያለዚያ ቱቦ ዱክ ጎማ ያለው ጀልባ ብቻ ነው። የቼኩ መኪና ታትራ ደግሞ ጠቅላላ ምስጢሩ ሆዱ ሥር ነው፤ መካከሉን የሚይዘው አንድ ወፍራም ቧንቧ ነው፣ ግማሽ አክስሎቹ ከዚያ ተነስተው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይወዛወዛሉ። ጎብኚው የሚያየው ቀለሙን ነው። ኡኒሞግም ጎማው ጋ ባሉ ጥርሶች አክስሉን ከፍ አድርጎ ከድንጋይ እንደሚያስጥል ማንም ሳያይ ያልፋል። ከሥር አንድ መስታወት ብታስቀምጡ ምን ያህል ያስወጣችኋል?

አዳዲሶቹንም እየዘነጋችኋቸው ነው። ከ1982 ጀምሮ የገባው ባለ ስምንት ጎማው ኦሽኮሽ ሄምት፣ ከእሱም ቀጥሎ ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ ጭነቱን ራሱ የሚያነሳውና የሚያወርደው መኪና የማመላለስን ሥራ ጨርሶ ለውጠውታል። የመጀመሪያዎቹ ሄምቶች ብዙዎቹ ወደ ፋብሪካ እየተመለሱ አዲሱ ሞዴል ሆነው ይወጣሉ። ዛሬ አንዱን ካልያዛችሁ ነገ አይገኝም።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ ሰው ነው። በ1944 ከነሐሴ 25 እስከ ኅዳር 16 ድረስ ሬድ ቦል ኤክስፕረስ የተባለው የጭነት መስመር ፈረንሳይ ውስጥ እየገሠገሠ ያለውን ሠራዊት ሲቀልብ፣ በጣም በተሠራበት ቀን 5,958 መኪኖች 12,500 ቶን ያህል አድርሰዋል። ከሹፌሮቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፣ ያውም በዘር በተከፋፈለ ሠራዊት ውስጥ። ከተፈቀደው በላይ ጭነው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ሌሊት መብራት ሸፍነው ነዱ። በየመንገዱ የተጣለ የቆርቆሮ ምግብ ጣሳ ጎማቸውን ይቀድ ነበር። የጄኔራል ፓተን ታንኮች ያለ እነዚህ ሰዎች ነዳጅ አልነበራቸውም። ታንኩ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ የጄኔራሉም ፎቶ አለ። ሹፌሩ ግን ብዙ ቦታ የለም። እኛም እያረጀን ነው፤ መኪናውን እንዴት እንደምናስነሳው፣ ብርድ ሲሆን ምን እንደምናደርግ፣ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚላላ የሚጠይቀን እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ሊሸጡ የተወሰነባቸው ሦስቱ መኪኖች ሽያጭ ይቁም። ሌሎቻችሁም የጭነት መኪና ከስብስባችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ በይፋ አስታውቁ፤ የሚረከብ ሙዚየም ወይም ማኅበር እንፈልጋለን፣ ማጓጓዣውንም እናግዛለን። ሜዳ ላይ ያሉት ቢያንስ መጠለያ ይሠራላቸው፣ ከጎማቸው ላይ ክብደቱ ይነሳ። ሞተራቸው የሚዞር ከሆነ በየጊዜው ይዙር፣ የማይዞር ከሆነም እንዳይነክስ ዘይት ይግባበት። ይህን በነጻ የሚሠሩ መካኒኮች ከመካከላችን አሉ፣ የምንፈልገው ፈቃድና ቁልፍ ብቻ ነው።

ሰሌዳዎቹን ከሹፌሮች ጋር ተቀምጣችሁ አርሙ። እድሳት ከመጀመራችሁ በፊት መኪናው ላይ ያለውን ብየዳ፣ ቀዳዳ፣ የተጨመረ ብረትና በእጅ የተጻፈ ስም ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ መዝግቡ፣ ካልቸገረ በቀር አትንኩት። የተቆረጠ የአየር ቱቦ ይመለስ፤ ቱቦው ካለን እኛ እንሰጣለን። አዳራሽ ውስጥ ካለው ታንክ አጠገብ ነዳጁን ያመጣለት መኪና አብሮ ይቁም። የሹፌሮችና የመካኒኮችን ቃል በድምፅ መቅዳት ዘንድሮውኑ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ለከርሞ መጠበቅ የሚችሉ አይደሉም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጡረተኛ ወታደራዊ ጭነት መኪና ሹፌሮችና መካኒኮች ስብስብ አስተባባሪ፣
የቀድሞ የኮንቮይ መካኒክ